«ሞተር በመኪኖች መሃል ሾልኮ ቢያልፍ ምን ችግር አለው?»

ሰሞኑን አንድ የአምቦ ሞተረኛ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ ውጭ አገር ሞተር በመኪኖች መሃል ሾልኮ ማለፍ ይፈቀዳል። እኛ ስናደርገው ለምን ትቆጡናላችሁ?»

ልክ ነው፣ ይፈቀዳል። አውስትራሊያ ውስጥ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈቅዳለች፤ ግን ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ። ካሊፎርኒያም ትፈቅዳለች። እዚያ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀስ ብለው ሾልከው የሚያልፉ ሞተረኞች ከኋላ በመኪና የመመታት ዕድላቸው ያነሰ ነው። ስለዚህ «ሁሌም ጥፋት ነው» አልልም።

ነገር ግን እዚያ ሁለቱም ረድፍ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የእኛው የነቀምቴ መንገድ ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አቋርጦ ሲሄድ አብዛኛው ቦታ ላይ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መምጫ ነው። «መሃል» የምንለው እንግዲህ በሲኖትራኩና ፊት ለፊት በሚመጣው አይሱዙ መካከል ነው! እናንተ በ50፣ እሱ በ40 ከመጣችሁ በየሰከንዱ 25 ሜትር ትቃረባላችሁ። ፍሬን እስክትይዙ አንድ ሰከንድ አለፈ። በቀኝ በኩል ልለፍ ካላችሁ ደግሞ ባጃጁ ሰው ለመጫን ድንገት ይቆማል፣ የከባድ መኪናው ሾፌር በዚያ በኩል አያያችሁም።

ድንገተኛ ክፍል የምናየው ምንድን ነው? አንደኛው ቅልጥም ነው። የቅልጥም አጥንት ፊቱ ላይ ጡንቻ የለውም፣ ከቆዳው ስር ወዲያው አጥንት ነው፤ ስለዚህ ሲሰበር በቀላሉ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። አፈርና ፍግ ከገባበት ወራት የሚፈጅ ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። እባካችሁ ቡና አትነስንሱበት! በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ እግሩን ሳታንቀሳቅሱ ቶሎ አምጡት። አንቲባዮቲክ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ነው። የሞተሩ መሪ ሆዱን የመታው አንድ ወጣት «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ ገባ። ከሰዓታት በኋላ ሲያመጡት ፊቱ ነጭ ወረቀት መስሏል። ጣፊያው ተቀዶ ሆዱ ውስጥ እየደማ ነበር፤ ቆዳው ላይ ከትንሽ ሰንበር በቀር ምንም አልነበረም።

የእኔ አቋም፦ መኪኖቹ ሙሉ በሙሉ ቆመው፣ ሁለቱም ረድፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይፈቀድ። የሚንቀሳቀስ ከባድ መኪና አጠገብና መሃል መስመሩ ላይ ግን በፍጹም። ሄልሜት ደግሞ ክርን ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ አይደለም (ይቺን ለናንተው ነው ጓደኞቼ)። ከታሰረ የጭንቅላት ጉዳትን በ69፣ ሞትን በ42 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ከወደቃችሁ በኋላ ሆዳችሁ እየጠነከረ ከሄደ፣ ግራ ትከሻችሁን ካመማችሁ፣ ስትነሱ ካዞራችሁ፣ ካስመለሳችሁ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ኑ።