መምህሩ በቴሌግራም ምን ይላክ?

ከድሬዳዋ መሃል ወጣ ብሎ የሚገኘው መልካ ጀብዱ ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፈር ነው። እዚያ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት ከሥራው ጎን ለጎን ዩኒቨርሲቲ ልማር ቢል፣ ክፍል ውስጥ ያመለጠውን የሚያገኝበት ቅርብ ቦታ በኪሱ የያዘው ስልክ ነው። ኔትወርኩም ቢሆን ለከተማው እንግዳ አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአገራችን የመጀመሪያውን የሙከራ አገልግሎት የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚችው ድሬዳዋ ነበር። ስለዚህ አሁን መጠየቅ ያለብን በመስመሩ ላይ ምን እየተጓዘ እንደሆነ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮርስ ግሩፖች ውስጥ የሚበዛው ስላይድ፣ ፒዲኤፍ፣ የፈተና ቀንና ውጤት ነው። ግሩፑ የማስታወቂያ ሰሌዳና የፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ይሠራል። ይህም ቢሆን ተማሪውን ከወጪና ከመመላለስ ያድናል፤ አልንቀውም። ትምህርት ግን ተማሪው የገባውና ያልገባው ነገር ተመልሶ መምህሩ ዘንድ ሲደርስ ነው የሚጀምረው።

ይህን ስሕተት ከዚህ በፊት በብዙ ገንዘብ ሠርተነዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው ፕላዝማ ትምህርቱን በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ያወርደው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ያመለጠው ተማሪ ‘ቆይ’ ሊለው አይችልም፤ መምህሩም ከጎኑ ቆሞ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ምስሉ ጥሩ ነበር፤ መልስ የሚመለስበት መንገድ ግን አልነበረውም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ወደ ስልክ ብንዞርም፣ ያንኑ ባለ አንድ አቅጣጫ ልማድ ይዘን ነው የሄድነው። ፕላዝማው ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ይቻላል።

መልስ መመለስ ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታውሰዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. 225 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሌላ ሥራ ደግሞ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ሌክቸር ብቻ የሚሰሙ ተማሪዎች በአማካይ 33.8 በመቶ ሲወድቁ፣ እየጠየቁና እየተወያዩ የሚማሩት ግን 21.8 በመቶ እንደሚወድቁ አሳይቷል። ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከተቀመጡት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ 40.65 በመቶ ማለት ነው። ይህን ውጤት በአንድ ምክንያት ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም ስልክን በፒዲኤፍ መሙላት ለማወቅ ዋስትና እንደማይሆን ይጠቁማል። ቴሌግራም ራሱ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምርጫ ጥያቄ መላኪያ አለው። መምህሩ ከሌክቸሩ በኋላ አምስት ጥያቄ ቢልክ፣ አብዛኛው የሳተው የትኛውን እንደሆነ ማታውኑ ያያል፤ የነገውንም ክፍለ ጊዜ ከዚያው ይጀምራል። ይህ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ዳታ ኢምንት ነው። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገርበት በድሬዳዋ ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ የተሰጠውን ጽንሰ ሐሳብ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ በሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ማብራራት ትልቅ ውለታ ነው።

‘ማኅበራዊ ሚዲያ ተማሪውን ያዘናጋዋል’ የሚሉ ወገኖች አልተሳሳቱም፤ ትምህርቱ ከቲክቶክ አጠገብ ተቀምጧልና። መዘናጋቱ የሚብሰው ግን ግሩፑ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ነው፤ አጭርና ሰዓቱ የታወቀ ጥያቄ ተማሪውን አስገብቶ ያስወጣዋል። ኩረጃን የሚያነሱም አሉ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ መሰረዙን የሚረሳ የለም። ለዚህም ነው እነዚህ ጥያቄዎች ማርክ ሊያዝባቸው የማይገባው፤ ማርክ ከሌለ መኮረጅ ትርጉም የለውም፤ ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪም አይጎዳም። ጥያቄዎቹ ለእርሱ በወረቀት ታትመው ላይብረሪ ሊቀመጡለት ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የመቋረጥ ነገር ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ነበር፤ ያ ጊዜ ተማሪዎች ለመጀመሪያው የመውጫ ፈተና የሚዘጋጁበት ወቅት ነበር። የኮርሱን ሁሉ ነገር በአንድ የውጭ ኩባንያ መተግበሪያ ላይ ያስቀመጠ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ባለ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። እንደ ሙድል ያለ ነጻ የመማሪያ ሶፍትዌር በግቢው ሰርቨር ላይ ቢጫን፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን እንኳ ተማሪው በግቢው ኔትወርክ ይሠራበታል። ቴሌግራም መግቢያ በር ይሁን፤ ዋናው ጎተራ ግቢው ውስጥ ይቀመጥ።

ጥሩ ጥያቄ ማዘጋጀትና መልሱን መመርመር ግን የመምህሩን ምሽት ይወስዳል። ዛሬ ያ ምሽት በማንም አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ክፍል ውስጥ የቆመበት ሰዓት ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ሆይ፣ ተጨማሪ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሰዓት በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ቁጠሩለት።