ሠልጥኖ ማን ጋ? የትናንሽ ከተሞች የሥራ ዕቅድና የሙያ ሥልጠና

ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምር በየወረዳውና በየከተማ አስተዳደሩ አንድ ቁጥር ይወርዳል፤ በዚህ ዓመት ለዚህን ያህል ሰው የሥራ ዕድል ይፈጠር የሚል። ቁጥሩ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ እየተሸነሸነ ቀበሌ ድረስ ይዘልቃል። የቀበሌው ባለሙያ ሥራ ፈላጊ ይመዘግባል፣ ያደራጃል፣ ወደ ሥልጠና ይልካል፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጽፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ጥያቄ አለ። ሠልጣኙ የሚያመርተውን ዕቃ ወይም የሚሰጠውን አገልግሎት በዚያች ከተማ ማን ይገዛዋል?

ጉዳዩ ቢያንስ የሦስት ዐሥርት ዓመታት ዕድሜ አለው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቴክኒክና ሙያን ከመደበኛው ትምህርት ጎን ራሱን የቻለ መስመር አደረገው። በ1990 የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ስትራቴጂ ወጣ። ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ ባሉት የሥልጠና ዓመታት 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባልበት ዘመን መጥቶ ሄደ። በ1996 የቴክኒክና ሙያ አዋጅ ቁጥር 391 ጸደቀ። በ2000 ደግሞ በጀርመን ድጋፍ የተዘጋጀው ስትራቴጂ ዋናው ነገር ክፍል ውስጥ የተቀመጡበት ጊዜ ሳይሆን ብቃት ነው ብሎ ምዘናን አመጣ፤ ከዚያ ወዲህ ኮሌጅ ጨርሶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያላለፈ ልጅ ወረቀቱ ጎዶሎ ነው። በ2003 የጥቃቅንና አነስተኛው ስትራቴጂ ተከለሰ፣ በ2009 ዐሥር ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ፣ በ2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ። የመሥሪያ ቤቱ ስምና ማኅተም ደጋግሞ ተለዋውጧል። ከሥሩ ያለው እምነት ግን ብዙም አልተነቃነቀም፤ ወጣቱ ሥራ ያጣው ሙያ ስለሌለው ነው፣ ሙያና ብድር ካገኘ ሥራው ይከተላል የሚል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። በአነስተኛ ከተማ ግን ገበያው ጠባብ ስለሆነ ስሕተቱ ቶሎ ይታያል። የወረዳ ኮሌጅ የሚከፍታቸው የሥልጠና ዘርፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰኑት ባለው አሠልጣኝና ባለው ማሽን ነው፤ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ አይሲቲ፣ አካውንቲንግ። ከብረታ ብረት የተመረቁት ይደራጃሉ፣ ሃያ በመቶ ይቆጥባሉ፣ የቀረውን እርስ በርስ ተዋስተው ይበደራሉ፣ መሥሪያ ሼድ ይሰጣቸዋል። መጀመሪያ ላይ «የገበያ ትስስር» የሚባል ነገር አለ፤ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለጤና ጣቢያ አልጋ ይሠራሉ። ከዚያ ሌላ ማኅበር ተመርቆ ይመጣና ዴስኩ ለእሱ ይሰጣል። የቀድሞዎቹ በርና መስኮት ወደ መሥራት ይዞራሉ። ከተማዋ በዓመት የምትፈልገው በርና መስኮት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ዋጋ ይሰብራል፣ አባላቱ አንድ በአንድ ይሸሻሉ፣ በመጨረሻ የሼዱ ቁልፍ ሁለት ሰው እጅ ይቀራል። እነዚያ ሁለቱ ደህና ሠራተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን የአሥራ አምስቱም አባላት ስም ነው።

ሥልጠናውን ከገበያው ጋር ያገናኛል ተብሎ የታሰበው የትብብር ሥልጠና ነበር። ሠልጣኙ ከጊዜው ሰባ በመቶውን ድርጅት ውስጥ፣ ሠላሳ በመቶውን ኮሌጅ ያሳልፍ ይላል። አሳቡ ጥሩ ነው፤ ጀርመን አገር ለብዙ ዘመን የሠራ ነው። እዚያ ግን በየከተማው ማሠልጠን የሚችል ድርጅት አለ። ሁለት ጋራዥ ባላት ከተማ፣ ሃያ አምስት የአውቶሞቲቭ ሠልጣኝ ሰባ በመቶውን የት ያሳልፍ? የጋራዡ ባለቤት አንድ ረዳት አለው፣ እሱም የእኅቱ ልጅ ነው። ልጆቹ ለትብብር ሥልጠና ሄደው ጎማ ሲያጥቡ ቢውሉ አይገርምም።

ኮብልስቶን በዚህ ታሪክ ውስጥ ለየት ያለ ቦታ አለው። በ1990ዎቹ መገባደጃ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ሲጀመር ብዙ ሰው የናቀው ሥራ ነበር። ነገሩ ግን በሚገባ የታሰበበት ነው። ድንጋዩ በደጋው አገር ሞልቷል፣ እንደ አስፋልት ሬንጅ ለማስመጣት ዶላር አይጠይቅም፣ ከማሽን ይልቅ ጉልበት ይፈልጋል፣ ከተሞቹም በክረምት ጭቃ ውጧቸዋል። ጠራቢው ጉማጅ ድንጋይ እግሮቹ መሃል አስቀምጦ በመዶሻ እየመታ ወደ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ኩብ ያደርገዋል። አንድ ካሬ ሜትር ለመሙላት ከሰማንያ እስከ መቶ ፍሬ ይጠይቃል። የላይኛው ፊት ካልተስተካከለ አንጣፊው ይመልሰዋል፣ የተመለሰ ድንጋይ አይከፈልበትም። ሥልጠናው የሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያስተምረው ክፍያው ነው።

ሥራውን በብዛት የገዛው ማዘጋጃ ቤት ነው። የዓለም ባንክ ከ2000 ጀምሮ በከተሞች የአካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮጀክት አማካይነት መጀመሪያ ለ19 ከተሞች፣ በ2006 በሁለተኛው ዙር ለ44፣ በ2010 በተከታዩ ፕሮግራም ለ117 ከተሞች ገንዘብ ሰጠ። ከተሞቹ ደግሞ ነዋሪውን አወያይተው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ እንዲያወጡ ተጠየቁ። ነዋሪው የመጀመሪያ ጥያቄው መንገድ ሆነ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሆነ። ሠልጣኙ ከመሠልጠኑ በፊት ገዢው ነበረ፤ ኮብልስቶን የተሳካበትም ምክንያት ይኸው ነው። ዲግሪ ይዞ ድንጋይ መጥረብ የቀልድም የቁጭትም ርዕስ በሆነበት በዚያ ዘመን ክርክሩ ሁሉ በክብር ላይ ነበር፤ የተማረ ሰው ይህን ይሥራ ወይስ አይሥራ። በእኔ አስተያየት የተከራከርነው በተሳሳተው ነገር ላይ ነው። መጠየቅ የነበረበት ዋናው መንገድ ተነጥፎ ሲያልቅ ጠራቢው ምን ይበላል የሚለው ነበር።

ገዢው አንድ ብቻ ነበርና። በጀቱ ሲቀንስ ወይም የውጭው ገንዘብ ሲዘገይ ማኅበራቱ ቁጭ ይላሉ። ሥራውን ለብዙ ሰው ለማዳረስ ደግሞ በተራ ስለሚሰጥ፣ እጁ የተፍታታ ቡድን ወጥቶ አዲስ ይገባል፤ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል። ቋሚ ሥራ ሊሆን የሚችለው ክፍል ሳይታሰብበት ቀረ። ኮብልስቶን ከአስፋልት የሚበልጥበት አንዱ ነገር ተነቅሎ መልሶ መነጠፍ መቻሉ ነው። ለቧንቧ ወይም ለኬብል የተቆፈረ መንገድ ግን እንዴት እንደሚመለስ የማያውቅ የለም፤ ድንጋዩ ዳር ተከምሮ ይከርማል ወይም አሸዋው ሳይስተካከል ይጣልና በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጣል። ለዓመታዊ ጥገና መጠነኛ በጀት ተይዞ፣ የቆፈረ ሁሉ ለመመለሻው ቢከፍል፣ አንድ ትንሽ ከተማ ለጥቂት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሥራ ይኖራት ነበር። ጥቂት ሰው መሆኑ ነው ችግሩ፤ ቁጥሩን አይሞላም።

የአንድ ገዢ ነገር በግብርናም ታይቷል። በ1990ዎቹ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው ወደ 60 ሺህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሠለጠኑ፤ አላጌ፣ አርዳይታ፣ ማይጨው፣ ኮምቦልቻ፣ ወረታ ከእነሱ መካከል ናቸው። ለየገጠር ቀበሌው ሦስት ባለሙያ ይደርሳል ተባለ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። መንግሥት ራሱ አሠልጣኝ፣ ራሱ ቀጣሪ ስለነበር ተመራቂው በቀጥታ ሥራ ያዘ። ቀበሌዎቹ ሲሞሉ ግን የቀረው የለቀቀውን መተካት ብቻ ሆነ።

የኢንዱስትሪ ፓርኮቹን ታሪክ ደጋግመን ሰምተነዋልና አላረዝመውም። ሐዋሳ በሐምሌ 2008፣ ኮምቦልቻ በሐምሌ 2009 ተመረቁ። ሐዋሳ ላይ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ገብቶ የሚወጣውም ብዙ። በ2014 አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስታቋርጥ ገዢው ያለበት ገበያ ባሕር ማዶ መሆኑ በአንድ ጊዜ ታየ። ከዚያ በፊት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት ድርጅቶች ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ አመልካቾች ላይ ያደረጉት ጥናት ነበር። በዕጣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ውስጥ በዓመቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ከዘርፉ ወጥተዋል፤ 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና የተሰጣቸው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል ጨምሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ሁሉ ጠፍቷል። ይህን ውጤት ብድር ለሚወዱትም ፋብሪካ ለሚወዱትም ማሳየት ያስፈልጋል።

ወደ ወረታ እንመለስ፤ ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን ሩዙም እዚያ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገነጠልበት ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ነው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ሲያስለምዱ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ የተቀበሏቸው፤ ገበሬው ለረጅም ጊዜ የዘራው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙ ራሱ ከዚያ ዘመን ነው። ማኅበራቱ ከሥርዓቱ ጋር ፈረሱ፣ ሩዙ ቀረ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሌላ እህል አይመችም ነበር፤ ሩዝ ግን ውሃውን ወደደው። የጤፍ ዋጋ ሲያሻቅብ ሩዝ ከጤፍ ጋር እየተቀየጠ እንጀራ መሆን ጀመረ፤ ገዢ ተገኘ ማለት ነው።

መፈልፈያ ማሽኖቹ የመጡት ከዚህ በኋላ፣ በነጋዴዎች ገንዘብ ነው። ገበሬው በጆንያ ያመጣውን ሩዝ ማሽኑ ይፈለፍለዋል። ገለፈቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይከመራል፣ ሙሉው ፍሬ ለሩዝ ነጋዴ ይሄዳል፣ ስብርባሪው ለእንጀራ ዱቄት፣ ብናኙ ለከብት መኖ ይሸጣል። በዚህ መሃል ጫኝና አውራጅ፣ አበጣሪ ሴቶች፣ ደላላ፣ ማሽን ነጂ፣ ካሚዮን ሾፌር፣ ሻይ ቤት ይኖራል። ለአንዱም ቀድሞ ሥልጠና አልተዘጋጀም፤ ነጂው ሙያውን የተማረው ከቀድሞው ነጂ ነው። በኋላ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ተቋቋመ።

ሥልጠና አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲያውም እዚህ ነው የሚያስፈልገው። ሩዙ የሚሰባበረው በአብዛኛው ሲደርቅ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ስለደረቀና ማሽኑ በትክክል ስላልተስተካከለ ነው። ሙሉው ፍሬና ስብርባሪው ደግሞ በአንድ ዋጋ አይሸጡም። ስለ ማድረቅ፣ ስለ እርጥበት መለካትና ስለ ማሽን ማስተካከል የሚሰጥ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ለወፍጮው ባለቤትም ለነጂውም ወጪውን በአንድ ወቅት ይመልሳል። የሩዝ ጥራት መጉደል ከውጭ፣ በአብዛኛው ከህንድ፣ ከሚገባው ሩዝ ጋር ለመፎካከር እንቅፋት የሆነ ነገር ነው። ሃያ ሰው የሚፈልግ ሥልጠና ነው፤ ሁለት መቶ አይደለም። የወረዳ ዕቅድ እንዲህ ዓይነቱን ትንሽ ቁጥር ለመጻፍ ድፍረት ሲኖረው ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን ባለንበት ጊዜ ለትናንሽ ከተሞች ሥልጠና በጣም የታወቀው ገዢ ግን ባሕር ማዶ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ጠየቀ፤ የክፍሉ ግዴታ በኋላ ሲሻሻል ላላ። በዚህ የተነሣ ወሎና ጂማን በመሳሰሉ አካባቢዎች ኮሌጆች የቤት አያያዝ ማሠልጠን ያዙ። ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን፣ ማይክሮዌቭ፣ የልብስ ማጠቢያ፤ ሠልጣኟ እናቷ ቤት የማታገኘውን ሁሉ ኮሌጁ ውስጥ ትለማመዳለች። በተመረቁ በወራት ውስጥ ቀጣሪ የሚያገኙበት ሥልጠና ነው፣ ቀጣሪው ግን ጅዳ ወይም ቤይሩት ነው።

ከዚያ የሚላከው ገንዘብ ወደ ቤት ግንባታ ይሄዳል፤ ቤቱ የብረት በር ይፈልጋል፣ ባለ ሼዱም ያኔ ሥራ ያገኛል። እዚህ ላይ የወረዳው ዕቅድ ምንም አይጨምርም አይቀንስም። ይህ ገዢም በሩን የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ በ2006 ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመለሱ። የየአካባቢው መስተዳድር ሥራ እንዲያስይዛቸው ተጠየቀ፤ ከቀረበላቸው ድጋፍ አንዱ አጭር የሙያ ሥልጠና ወስዶ በማኅበር መደራጀት ነበር።