እንዴት ይሠራል? ስልክዎ ውስጥ ያለው ትሪ አንሺ

ሐርቡ ከተማ ላይ ስልክ መንቀራፈፍ ሲጀምር ምክሩ ያው ነው። «ሐጂ፣ ሚሞሪው ሞልቶብዎት ነው፤ ፎቶ ይቀንሱበት» ይላል ጠጋኙ ልጅ። ሐጂም የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሳይቀር ያጠፋሉ፤ ስልኩ ግን ያው ነው። ፎቶው የጠፋው ከማከማቻው ነው፤ የጠበበው ደግሞ ራሙ ነው። ራም አፖች እየሠሩ ሳሉ የያዙትን ሁሉ የሚዘረጉበት ቦታ ሲሆን፣ ስልኩ በጠፋ ቁጥር ባዶ ይሆናል። ርካሽ ስልክ ላይ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ቢሆን ነው።

ስንት እንደሚፈጅ በአንድ ፎቶ እንየው። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ ፎቶ ማከማቻ ላይ ተጨምቆ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በሙሉ መጠኑ ሲከፈት ግን 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲመደብ 48 ሜጋባይት ይሆናል። በጣትዎ 20 ፎቶ አሳልፈው አንዱም ከራም ባይነሳ 960 ሜጋባይት ሄደ ማለት ነው፤ የ2 ጊጋው ስልክ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ታዲያ ታይተው ያለፉትን ፎቶዎች ማን ያነሳቸዋል?

በሲ ቋንቋ የሚጽፍ ፕሮግራመር ራሱ ያነሳል። ቦታ ይጠይቃል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። መመለሱን ከረሳ ቦታው እንደተያዘ ይቀራል። ከመለሰው በኋላ እንደገና ከተጠቀመበት የባሰ ነው፤ ሌላ ዕቃ ባረፈበት ቦታ ላይ የራሱ መስሎት ይጽፋል። ብዙ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚከፈቱት በዚህ በኩል ነው። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1959 ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ሲሠራ ይህን ሥራ ከሰው ትከሻ አውርዶ ለኮምፒውተሩ ሰጠው። የዛሬ ፕሮግራመሮች ጋርቤጅ ኮሌክተር የሚሉት ይኼንኑ ነው። እኛ ሰብሳቢው እንበለው።

ሰብሳቢው የሚሠራባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ ምሳ ቤት ያስቡ፤ አውቶቡስ ቆሟል፣ ቤቱ ሞልቷል። አንዱ አስተናጋጅ እያንዳንዱ ትሪ ላይ ስንት ሰው እንደቀረበ ይቆጥራል። ሦስት ነበሩ፣ አንዱ ሲነሳ ሁለት፣ የመጨረሻው እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ዜሮ፤ ትሪው ወዲያው ይነሳል። ፓይተንና የአይፎኑ ስዊፍት በመቁጠር ነው የሚሠሩት። ሌላው አስተናጋጅ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ትሪ ሊያልቅበት ሲል ከተቀመጡት ሰዎች ይጀምርና በየፊታቸው ያለውን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት ያላገኘውን ሰብስቦ ይወስዳል። ይህ የማካርቲ መንገድ ነው፤ ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ጎ ዛሬም በዚሁ ዘር ውስጥ ናቸው።

ቆጠራው ፈጣን ቢሆንም የሚያታልለው ነገር አለ። በአንድ የቻት አፕ ውስጥ መልእክቱ የላኪውን ፕሮፋይል ይዟል፣ ፕሮፋይሉም መልእክቱን ይዟል እንበል። ቻቱን ዘግተው ወጡ። ሁለቱንም የሚፈልጋቸው የለም፤ እርስ በርስ ስለተያያዙ ግን ቁጥራቸው መቼም ዜሮ አይሆንም። ፓይተን ለእንዲህ ዓይነቱ ቀለበት እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለተኛ ሰብሳቢ ጨመረ። ስዊፍት ደግሞ አንደኛውን ማያያዣ «ቁጥር ውስጥ አይግባ» ብሎ ማወጁን ለፕሮግራመሩ ተወለት፤ እሱ ከረሳ ቦታው ባክኖ ይቀራል።

የሁለተኛው መንገድ ችግር ጊዜ ነው። የብዙ ስልኮች ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይሳላል፤ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሰብሳቢው አፑን አስቁሞ ከዚያ በላይ ከቆየ ስክሪኑ ሲደናቀፍ በዓይን ይታያል። የድሮ አንድሮይድ ስልኮች አንዱ በሽታ ይህ ነበር። አንድሮይድ 5 እ.ኤ.አ. በ2014 አፖችን የሚያስኬደውን የድሮ ሞተር ቀየረ፣ አንድሮይድ 8 እ.ኤ.አ. በ2017 አፑ እየሠራ ጎን ለጎን ዕቃዎቹን እያዛወረ የሚያጠጋጋ ሰብሳቢ አመጣ። ፈተናው ግን ገና አልተዘጋም። ማካርቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ዙር ማጽዳት በርካታ ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ዘዴውም የሚያዋጣው ራሙ ለመሙላት እስካልተቃረበ ድረስ መሆኑን ጽፎ ነበር። እስከ አፍ ገደፉ የሞላ ባለ 2 ጊጋ ስልክ ላይ ሰብሳቢው ዕረፍት የለውም፤ ስልኩ ባዘገመ ቁጥር የሚታየው የእሱ ሥራ ነው።

የሚከብደው ግን አንድ የአንድሮይድ አፕ ውስጥ ብዙ ሰብሳቢ ሲኖር ነው። ጃቫው የራሱን ክልል፣ አፑ ውስጥ የሚከፈተው ድረ ገጽ ጃቫስክሪፕትም የራሱን ክልል ያጸዳል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። የዚያ ባለ 48 ሜጋባይት ፎቶ ነጥቦች ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ከጃቫው ክልል ውጭ ናቸው፤ በጃቫው በኩል የሚታየው ትንሽ መያዣ ብቻ ነው። ቀለበቱ በሁለት ክልሎች መካከል ሲሠራ ደግሞ ከሰብሳቢዎቹ አንዱም ብቻውን አይፈታውም። በኢንተርኔት ካፌው ዘመን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የገጹን ክፍሎች በቆጠራ፣ ጃቫስክሪፕቱን በምልክት ይሰበስብ ነበር፤ በሁለቱ መካከል የተያያዘ ነገር ብራውዘሩ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ድረስ ራም ላይ ይቀር ነበር።

ስለዚህ «ሚሞሪ ማጽጃ» የሚባሉትን አፖች ይተዉአቸው። የሚያደርጉት ሌሎች አፖችን መግደል ነው፤ አንድሮይድ ደግሞ ራም ሲያጥረው ይህን ራሱ ያደርጋል። የተገደለው አፕ ከዜሮ ሲነሳ ጊዜም ባትሪም ይበላል፣ ማጽጃው ራሱም ራም ይይዛል። የትኛውም ሰብሳቢ ቢሆን አፑ «ገና እፈልገዋለሁ» ብሎ የያዘውን አያነሳም። አፑ ክፍት እያለ ያንን ሊያስለቅቅ የሚችለው አፑን የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ያንን ፎቶ ከመክፈታችሁ በፊት ለስክሪኑ ልክ 720 በ960 አድርጉት፤ ከ48 ሜጋባይት ወደ 3 የማይሞላ ይወርዳል። አፓችሁንም ከማስረከባችሁ በፊት በላፕቶፓችሁ ብቻ ሳይሆን በባለ 2 ጊጋ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ ሐጂ የያዙት እሱን ነው።