ስብ ሲባል ቦርጭ ብቻ ነው እንዴ?

ስብ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቦርጭ ነው። እውነትም ሰውነት ከምግብ የተረፈውን ከቆዳ ሥርና ከሆድ ዕቃ ዙሪያ በስብ መልክ ያከማቻል። ሆኖም ልብ የማንለው ሌላ ጎተራ አለ፤ እሱም የእያንዳንዱ ሕዋስ ስስ ሽፋን ነው። አራኪዶኒክ አሲድ የተባለው ስብ እዚያ ታስሮ ይቀመጣል።

ሽንኩርት ሲከትፉ ቢላ ጣትዎን ቢቆርጥዎት፣ የተጎዱት ሕዋሳት ይህን ስብ ይለቁትና ፕሮስታግላንዲን ወደተባለ መልእክተኛ ይለወጣል። ቦታው እንዲቀላ፣ እንዲያብጥና እንዲጠዘጥዝ ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው። የወር አበባ ቁርጠትም በአብዛኛው የሚመጣው በማሕፀን ውስጥ ሲበዛ ነው። ኢንሱሊን በቆሽት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ፕሮስታግላንዲን ግን ሲፈለግ እዚያው ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ ይከስማል። የሚከማቸው ጥሬ ዕቃው ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሰው ይህን ምርት በማገድ መሆኑን አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ፕሮስታግላንዲን ጨጓራን ከራሱ አሲድ ይከላከላል፤ ኩላሊት በቂ ደም እንዲያገኝም ያግዛል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በየጊዜው ሲወስዱ ይህም ጥበቃ ይቀንሳል። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ስለሚሠራ፣ ምግብ በልቶ መዋጥ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

በጎተራው የሚገባውን ደግሞ ማዕድዎ ይወስናል። የኑግና የሱፍ ዘይት በኦሜጋ 6፣ ተልባ ደግሞ በኦሜጋ 3 የበለጸጉ ናቸው። ቅባት ያለው ዓሣም ጥሩ የኦሜጋ 3 ምንጭ ነው። የዓሣው ኦሜጋ 3 በሕዋሱ ሽፋን ላይ ከአራኪዶኒክ አሲድ ጋር ቦታ ይሻማል፤ ከእሱ የሚሠሩት መልእክተኞችም ብግነትን የማባባስ ኃይላቸው ያነሰ ነው። ሰውነት ከተልባው ወደዚህ ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ ዓሣ ካገኙ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ይመገቡ። ተልባውንም ፈጭተው ይጠቀሙ፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ ብዙው እንዳለ ይወጣል። ለውጡ በአንድ ቀን ገበታ አይመጣም፤ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል።