በመዶሻ ስለ ተመቱ የፈረንሳይ ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች

የጥንት ገንዘብ መሰብሰብ ለብዙ ሰው የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ መስሎ ይታያል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምንፈልገው፣ በመዶሻ የተመታ የወርቅ ገንዘብ በሚገባ ለተመለከተው ሰው እንደ መዝገብ የሚነበብ መሆኑን ነው። ለምሳሌ የመረጥነው «ባለ ፀሐይ ኤኩ» የተባለውን የፈረንሳይ ገንዘብ ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን ገንዘብ በ1475 ያስመታው ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ነው። በፊቱ ሦስት የአበባ ምልክቶች ያሉበት የንጉሡ ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ ዘውድ፣ ከዘውዱም በላይ ትንሽ ፀሐይ ይታያል፤ በጀርባው መስቀል አለ። ክብደቱ በመጀመሪያ 3 ግራም ተኩል ያህል ነበር፤ በኋላ ግን ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ሄደ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ወርቁ ከቀለጠ በኋላ ተቀጥቅጦ ይሳሳል፤ ተቆርጦ ይከበባል፤ ይመዘናል። ከዚያም ምስል በተቀረጸባቸው ሁለት ብረቶች መካከል ይቀመጥና ሠራተኛው የላይኛውን ብረት በመዶሻ ይመታዋል። ሥራው የእጅ በመሆኑ አንዱ ገንዘብ ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ዳሩም ስላልተስተካከለ አጭበርባሪዎች ይሸርፉት ነበር፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ ገንዘቡን በሚዛን ይቀበል ነበር።

መንግሥትም መቆጣጠሪያ አበጀ። ሻርል 6ኛ በ1389 ባወጣው ትእዛዝ እያንዳንዱ የገንዘብ መምቻ ቤት በዙሪያው ጽሕፈት ከአንድ ከተወሰነ ፊደል ሥር ምሥጢራዊ ነጥብ እንዲያደርግ ሆነ፤ ከ5ኛው ሥር ቱሉዝ፣ ከ12ኛው ሊዮን፣ ከ15ኛው ሩዋን፣ ከ18ኛው ፓሪስ። ክብደቱ ወይም የወርቁ ጥራት የጎደለ ገንዘብ ሲገኝ ተጠያቂው ቤት በዚህ ይታወቅ ነበር። ፍራንስዋ 1ኛ በ1540 ነጥቡን በላቲን ፊደል ተካው፤ «አ» ለፓሪስ፣ «ቤ» ለሩዋን፣ «ዴ» ለሊዮን፣ «ካ» ለቦርዶ ሆነ።

በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሄንሪ 2ኛ ገንዘብ የሚመታ መኪና ከጀርመን አገር ከአውግስቡርግ አስመጥቶ በፓሪስ አስተከለ። የመዶሻ ሠራተኞች ግን አጥብቀው ተቃወሙት፤ በ1585ም መኪናው ለሜዳሊያና ለመሳሰለው ብቻ እንዲውል ተወሰነ። በዚህ ምክንያት መዶሻው እስከ 1645 ድረስ ቆየ።

እንግዲህ ሰብሳቢው ምን ያድርግ? አስቀድሞ ይመዝን፤ ቀጥሎ ጽሕፈቱን ያንብብ። ክብደቱ ጎድሎ የዳሩ ፊደላት ከተቆረጡ ገንዘቡ የተሸረፈ ነው፤ ፊደላቱ ሙሉ ሆነው ክብደቱ እጅግ ከጎደለ ግን ሐሰተኛ እንዳይሆን ያሠጋል። ወርቅ አይዝግምና መፈተግ አያስፈልገውም፤ የሚፈትገው ሰው ያንኑ ትንሽ ነጥብ ያጠፋዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገንዘቡ የተገኘበትን ስፍራ ማወቅ ነው። በአንድ ማሰሮ ተቀብሮ ከተገኘ ገንዘብ ውስጥ ከሁሉ ኋላ የተመታው፣ ማሰሮው ከዚያ ዘመን በፊት እንዳልተቀበረ ያስረዳል። ገንዘቡ ሳይመዘገብ አንድ በአንድ ከተሸጠ ይህ ምስክርነት ይጠፋል። የፈረንሳይ መንግሥት በ1989 ባወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ቅርስ መፈለግን የከለከለውም ስለዚህ ነው። ወርቁ በማንኛውም ዘመን ዋጋ ያገኛል፤ የተበተነው ታሪክ ግን በገንዘብ ተመልሶ አይገዛምና፣ ሰብሳቢ ሁሉ ከሣጥኑ አስቀድሞ መዝገቡን ቢያሰናዳ የተሻለ ይመስለናል።