ፌዝ 90

ፌዝ 90 በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ የተመሠረተው ኤም ኤክስ አር የተባለ ኩባንያ በ1974 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ጊታር ፔዳል ነው። ፔዳል ማለት ጊታሩንና ድምፅ ማጉያውን በሚያገናኘው ገመድ መካከል የሚገባ፣ በእግር ተረግጦ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ሣጥን ነው። ፌዝ 90 «ፌዘር» ከሚባሉት ፔዳሎች ወገን ነው፤ የጊታሩ ድምፅ በእሱ በኩል ሲያልፍ በዝግታ እየተሽከረከረ የሚሄድ፣ አንዳንዴም የሚተነፍስ ሆኖ ይሰማል። ሣጥኑ ብርቱካንማ ነው። ላዩ ላይ ያለው ማዞሪያ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የፍጥነት ነው።

ይህ ፔዳል ዛሬም ይሠራል፣ ይሸጣል። ነገር ግን በ1970ዎቹ የተሠሩት አሮጌዎቹ ከአዲሶቹ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ይፈለጋሉ። አሮጌው በእርግጥ ይለያል ወይስ የሚለየው ስሙ ነው የሚለው ክርክር በጊታር ተጫዋቾች መካከል አላበቃም። ለመመለስ ግን ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን ማየት ይረዳል፤ ከዚህ በታች የሚገኘውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

አመጣጥ

የፌዘር ታሪክ የሚጀምረው ከጊታር ሳይሆን ከኦርጋን ነው። ዶናልድ ሌስሊ የተባለው አሜሪካዊ በ1940ዎቹ ለሃመንድ ኦርጋን የሠራው የስፒከር ሣጥን ውስጡ የሚሽከረከር አካል ነበረው፤ ድምፁም ከዚያ እየዞረ ይወጣ ነበር። ውጤቱ እጅግ ተወዳጅ ሆነ፤ ሣጥኑ ግን የቁም ሣጥን ያህል የሚከብድ ስለነበር ከመድረክ መድረክ ማጓጓዙ ፈተና ነበር። ይህንኑ ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ ለማምጣት ብዙዎች ሞክረዋል።

ከሙከራዎቹ አንዱ በጃፓን በሺን ኤይ ኩባንያ ፉሚዮ ሚኤዳ የነደፈው ዩኒ ቫይብ ነው። በውስጡ አንዲት ትንሽ አምፖል ደመቅ ደብዘዝ ትላለች፤ በዙሪያዋ ያሉ አራት ብርሃን የሚያዩ ሬዚስተሮችም እሷን እየተከተሉ ድምፁን ይለውጣሉ። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 እ.ኤ.አ. በዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ላይ ተጠቅሞበታል። በ1971 ደግሞ ኋላ በሲንተሳይዘሮቹ ስሙ የገነነው ቶም ኦበርሃይም ማይስትሮ ለተባለው ምርት ፒ ኤስ 1 የተሰኘ ፌዘር ነደፈ። ይህም ቢሆን ትልቅ ነበር፤ ፍጥነቱ የሚመረጠውም ቀለም በተቀቡ ሦስት መርገጫዎች ነበር።

ኪት ባር እና ቴሪ ሸርውድ ኤም ኤክስ አርን ያቋቋሙት በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ሮቸስተር ውስጥ የድምፅ መሣሪያዎችን ይጠግኑ ነበር። ጥገና ሠሪ የሌላውን ሰው ዕቃ ጉድለት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ባር የነደፈው ፌዝ 90 በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ ጠንካራ የብረት ሣጥን ያለው፣ በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ መሆኑ ከዚሁ ልምድ የመጣ ይመስላል። የኩባንያው የመጀመሪያ ምርት እሱ ነበር። ኤም ኤክስ አር በ1984 ሥራ አቆመ፤ ስሙንና ንድፎቹን በ1987 ደንሎፕ የተባለው አሜሪካዊ ኩባንያ ገዛቸው፤ እስካሁንም የሚያመርተው እሱ ነው። ባር አሌሲስ የተባለውን ሌላ የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ መሥርቶ ብዙ ሠርቷል፤ በ2010 አርፏል።

አሠራር

ሁለት ሰዎች አንድ ዥዋዥዌ ይገፋሉ እንበል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከገፉ ዥዋዥዌው ከፍ ይላል። አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው እኩል ኃይል ወደኋላ ከጎተተ ግን ቀጥ ይላል። የድምፅ ሞገዶችም እንዲሁ ናቸው፤ በአንድ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ይደጋገፋሉ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ይጠፋፋሉ። አንድ ሞገድ ከሌላው የቀደመበት ወይም የዘገየበት መጠን በዲግሪ ይለካል፤ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ሲሆን ሁለት እኩል ሞገዶች ፈጽሞ የሚጠፋፉት 180 ዲግሪ ሲለያዩ ነው። ፌዝ የሚለው ቃል የሚያመለክተው ይህንኑ ልዩነት ነው።

በፌዝ 90 ውስጥ የጊታሩ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሳይነካ በቀጥታ ያልፋል። ሌላው በተከታታይ በተደረደሩ አራት ደረጃዎች ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ደረጃ የድምፁን ጉልበት አይጨምርም አይቀንስም፤ እንደ ድግግሞሹ መጠን ከ0 እስከ 180 ዲግሪ ያሸሸዋል እንጂ። በመጨረሻ ሁለቱ መንገዶች እኩል እኩል ይደባለቃሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አራቱ ደረጃዎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ በሚያሸሹበት ድግግሞሽ ድምሩ 180 ይሆናል፤ እዚያ ላይ ድምፁ ይጠፋል። እያንዳንዳቸው 135 ዲግሪ በሚያሸሹበት ላይ ደግሞ ድምሩ 540 ነው፤ ይህም አንድ ሙሉ ዙርና 180 ስለሆነ እዚያም ይጠፋል። ስለዚህ ባለ አራት ደረጃ ፌዘር በድምፁ ውስጥ ሁለት ጉድጓዶች ይቆፍራል። የደረጃዎቹ መካከለኛ ነጥብ 1000 ኸርዝ ቢሆን አንዱ ጉድጓድ 414 ኸርዝ አካባቢ፣ ሌላው 2414 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። የፌዘር የቅርብ ዘመድ የሆነው ፍላንጀር ግን ድምፁን በጊዜ ስለሚያዘገይ ጉድጓዶቹ ብዙ ናቸው፣ እኩል እኩል ርቀትም አላቸው፤ የፍላንጀር ድምፅ እንደ ጄት አውሮፕላን የሚያፏጨው፣ የፌዘሩ ደግሞ ለስለስ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉድጓዶቹ አንድ ቦታ ቢቆሙ ጆሮ ቶሎ ይለምዳቸዋል። የሚያስደስተው መንቀሳቀሳቸው ነው። በየደረጃው ጄፌት የሚባል ትራንዚስተር አለ፤ ይህ ትራንዚስተር በሚሰጠው ቮልቴጅ መጠን መቋቋሙ የሚጨምርና የሚቀንስ ሬዚስተር ሆኖ ያገለግላል። በሣጥኑ ውስጥ ያለ ሌላ ዝግ ያለ ሞገድ ለአራቱም ጄፌቶች አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይሰጣቸዋል፤ ጉድጓዶቹም አብረው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ብቸኛው ማዞሪያ የሚቆጣጠረው የዚህን ሞገድ ፍጥነት ነው።

ችግሩ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ጄፌቶች እንኳ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ለተመሳሳይ ቮልቴጅ አንዱ በሰፊው ይከፈታል፣ ሌላው ጭራሽ አይከፈትም። ስለዚህ አምራቹ ብዙ ጄፌቶችን ለክቶ የሚመሳሰሉትን አራት አራት አድርጎ መምረጥ ነበረበት። ፍጹም የሚመሳሰሉ አራት ማግኘት ስለማይቻል ግን እያንዳንዱ አሮጌ ፌዝ 90 ትንሽ ለየት ያለ ጠባይ ይዞ ወጥቷል። ሁለት አሮጌ ፔዳሎችን ጎን ለጎን ያደመጡ ተጫዋቾች «አንዱ ይሻላል» የሚሉት ከንቱ ስሜት ይዟቸው አይደለም።

ሁለቱ ጽሑፎች

በአሮጌዎቹ ላይ የኩባንያው ስም የተጻፈው በተቀጣጠለ የእጅ ጽሑፍ መልክ ነበር። ከ1977 ገደማ በኋላ ጽሑፉ በወፍራም የታተመ ፊደል ተተካ። ሰብሳቢዎች «ባለ እጅ ጽሑፍ» እና «ባለ ወፍራም ፊደል» እያሉ የሚለዩዋቸው ስለዚህ ነው። ልዩነቱ በጽሑፉ ቢያበቃ ኖሮ ለዋጋው ምንም ምክንያት አይኖርም ነበር። ነገር ግን በኋለኛው ላይ አንድ ሬዚስተር ተጨምሯል፤ ሥራውም በደረጃዎቹ ያለፈውን ድምፅ ከፊሉን ወደኋላ መልሶ እንደገና ማስገባት ነው። በዚህ የተነሳ በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ጉብታ ይሾላል፣ የመካከለኛው ድምፅ ይጎላል፣ ጊታሩ ጠንከር አድርጎ ሲመታም ትንሽ መሻከር ይሰማል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለም። ብቻውን ለስለስ ያለ ድምፅ የሚጫወት ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ከከበሮና ከቤዝ ጋር ተፎካክሮ መሰማት ያለበት ደግሞ ሁለተኛውን። የሚገርመው፣ በወፍራም ፊደሉ ላይ ያንን አንድ ሬዚስተር ቆርጦ ማውጣት ብቻ ወደ አሮጌው ድምፅ በጣም ያቀርበዋል። ለጽሑፉ ብቻ ብዙ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህንን ማወቅ ይጠቅማል። ደንሎፕ ራሱም ይህ ሬዚስተር የሌለበትን ባለ እጅ ጽሑፍ ዓይነት እንደገና አምርቷል።

የሙዚቀኞች ተሞክሮ

ፌዝ 90ን ከማንም በላይ ያስተዋወቀው ኤዲ ቫን ሄለን ነው። በ1978 በወጣው የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም ላይ «ኢራፕሽን» በተሰኘው አጭር የጊታር ብቻ ቅንብር ውስጥ ይሰማል። ቫን ሄለን ማዞሪያውን ወደ ዝግታው ጫፍ ያስጠጋ ነበር፤ አድማጩ «ይኸ ፌዘር ነው» እስኪል ድረስ አያሽከረክረውም። ሶሎው ሲደርስ ይረግጠዋል፤ ድምፁ ከቡድኑ መካከል አንድ እርምጃ ወደፊት የወጣ ያህል ይሆናል። በዚያው አልበም «አቶሚክ ፐንክ» መግቢያ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፦ የታፈኑትን ክሮች በመዳፉ ጠርዝ እየፈተገ ያንን ፍትጊያ በፌዘሩ አሳለፈው፤ ዜማ የሌለው ጩኸት ዜማ ያለው መሰለ። ደንሎፕ በ2004 በቫን ሄለን ስምና በጊታሩ ቀለማት የተሠራ ፌዝ 90 ሲያወጣ ሁለቱን ድምፆች የሚያቀያይር ቁልፍ አከለበት።

የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር በ1975ቱ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» አልበም ዘመን ፌዝ 90 ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። አጠቃቀሙ ከቫን ሄለን የሚለየው ድምፁ ንጹሕ ወይም በመጠኑ ብቻ የሻከረ በመሆኑ ነው፤ ረጅም ኖታ ይይዛል፣ ጉድጓዶቹም በዚያ በተያዘ ኖታ ውስጥ ቀስ ብለው ሲያልፉ ይሰማሉ። የሮሊንግ ስቶንሱ ኪዝ ሪቻርድስ ደግሞ በ1978ቱ «ሰም ገርልስ» አልበም ላይ የተጠቀመው ታላቅ እኅቱን ፌዝ 100ን ነው፤ እዚያ ፌዘሩ ለሶሎ ሳይሆን ለአጃቢ ምት ውሏል።

ጊታር ያልሆኑ መሣሪያዎችም ከፌዘር ጋር ተስማምተዋል። በ1970ዎቹ የተቀዱ ብዙ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፆች ውኃ ውስጥ የሚዋኙ የሚመስሉት በፌዘር ስላለፉ ነው። የፈረንሳዩ ዣን ሚሼል ዣር በ1976ቱ «ኦክሲጅን» አልበም ላይ የኦርጋኑን ሰፊ ድምፅ ያሳለፈው በፌዝ 90 ተፎካካሪ፣ ዴቪድ ኮክሬል ለኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ በነደፈው ስሞል ስቶን በተሰኘ ፔዳል ነው። ለቤዝ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጉድጓዱ ወደ ታች ሲወርድ የዜማውን መሠረት ሊያሳሳው ይችላል።

ተጫዋቾች ደጋግመው የሚነጋገሩበት ሌላው ጉዳይ ቦታው ነው። ፌዘሩ ድምፅ ከሚያሻክረው መሣሪያ በፊት ከተቀመጠ ውጤቱ ስውር ይሆናል፤ ጊታሩ ቀለም የሚለውጥ ያህል ነው። ከማሻከሪያው በኋላ ከተቀመጠ ግን የሻከረው ድምፅ ብዙ ከፍተኛ ድግግሞሾች ስላሉት ጉድጓዶቹ የሚቆፍሩት ብዙ ነገር ያገኛሉ፤ ሽክርክሪቱም ጎልቶ ይወጣል። የቫን ሄለን ድምፅ የተሻከረው በማጉያው ውስጥ ስለነበር የእሱ ፌዘር የሚገኘው ከፊት ነው። የእሱን ድምፅ ፍለጋ ፔዳሉን ገዝተው ከማሻከሪያው ኋላ የሚሰኩ ጀማሪዎች «ይኸ ሌላ ነው» ብለው ቢያዝኑ አያስደንቅም።

ጉድለቶችና ጥገና

አሮጌው ፌዝ 90 ለዘመኑ ተጫዋች የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉት። መከፈቱን የሚያሳይ መብራት የለውም። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚወስድበት መሰኪያም ስለሌለው ባትሪ ግድ ነው፤ ገመዱ እንደተሰካ ከተተወ ባትሪው ቀስ በቀስ ያልቃል። ሲዘጋም እንኳ የውስጡ ወረዳ ከጊታሩ ጋር እንደተገናኘ ስለሚቀር፣ በተለይ ብዙ ፔዳሎች በተደረደሩበት፣ ከጊታሩ ላይ ጥቂት ጥራት ይሰርቃል።

በሣጥኑ ውስጥ በትንሽ መፍቻ የምትዞር አንዲት ማስተካከያ አለች። ለጄፌቶቹ መነሻ ቮልቴጅ የምትሰጠው እሷ ናት። ከቦታዋ ጥቂት ከራቀች ሽክርክሪቱ ያነክሳል፤ ብዙ ከራቀች ጭራሽ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን ያለምንም ለውጥ ያልፋል። ስለዚህ «ተበላሽቷል» ተብለው በርካሽ የሚሸጡ አንዳንዶቹ የሚያስፈልጋቸው ጊታር እየመቱ ይህችን ማስተካከያ በጆሮ መመለስ ብቻ ነው። ጄፌቱ ራሱ ከተቃጠለ ግን ነገሩ ይከብዳል። አንዱን ብቻ ለይቶ መተካት ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር የማይስማማ እንግዳ ማስገባት ይሆናል፤ የተለኩ አራት መፈለግ ይሻላል። በረጃጅም እግር የሚቆሙት የዚያ ዘመን ጄፌቶች ደግሞ ዛሬ ብዙዎቹ ከምርት ወጥተዋል፤ ለጥገና የሚፈልጋቸው ሰው ከቀረው ክምችት እየለካ ይመርጣል።

ለመማር ሲሉ ፔዳሉን ራሳቸው የሚሠሩም ብዙ ናቸው፤ ወረዳው ትንሽ ስለሆነ ለኤሌክትሮኒክስ ጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከሠሩ በኋላ አንድ ሙከራ ማድረግ ይቻላል፦ ሳይነካ በቀጥታ የሚያልፈውን መንገድ የሚያደባልቀውን ሬዚስተር ከአንድ ጎኑ ማላቀቅ። የሚጠፋፋ ነገር ስለማይኖር ጉድጓዶቹ ይጠፋሉ፤ በምትካቸው የኖታው ከፍታ ራሱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያርገበግበው ሆኖ ይሰማል።