ሞተሩ ሲጠፋ ያልጠፋው ድምፅ

መጀመሪያ የሰማሁት ሰኔ ውስጥ ነው፤ ጠዋት መኪናዬን ወደ ኋላ ከግቢ ሳወጣ። መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ ስጠመዝዘው ከእግሬ ሥር «ድንግ» አለ። ወፍራም የበገና አውታር ስበው የለቀቁት ይመስል ነበር። አስፋልቱ ላይ ስወጣ ጠፋ፤ ማታ ግቢ ገብቼ ሳቆም ተመልሶ መጣ።

የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ቢል ወር ሙሉ እታገሠዋለሁ። መሪ ግን ሌላ ነው። ዜብራ ላይ የሚሻገረው ልጅ የሚድነው እኔ መሪውን ባዞርኩበት ቅጽበት ጎማው ስለሚታዘዘኝ ነው። ያን ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም።

በማግስቱ የወሰድኩበት ጋራዥ «የመሪ ዘይትሽ አርጅቷል» ብለው ቀየሩልኝ። ሁለት ቀን ጸጥ ያለ መሰለኝ፤ በሦስተኛው «ድንግ»። ስመለስ «ፖምፓው ነው፣ ይቀየር» አሉኝ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ፖምፓ ዋጋ ጠየቅኩ። ገንዘቡን ልቆጥር ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ፖምፓ ሲታመም ያጉተመትማል፤ ነዳጅ ሲረገጥም ጉምጉምታው ይብሳል። የእኔ መኪና አታጉተመትምም። አንዴ ትጮኻለች፣ ዝም ትላለች።

ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ትንሽ ደብተር አስቀመጥኩ፤ በጮኸ ቁጥር ጻፍኩ። ቆሜ ሳዞር ይጮኻል። በዝግታ ስጠመዘዝ አንዳንዴ፣ በቀጥታ መንገድ ፈጽሞ አይጮኽም። ጉድጓድ ስገባ የለም። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ያልመሰለኝን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ከአደባባይ ስወጣ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ አይመለስም፤ በእጄ ነው የምመልሰው።»

ጎረቤቴ ሳሪስ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ላከችኝ። ኮፈኑን ሳይከፍቱ ነው ጥያቄ የጀመሩት።

«ልጄ፣ መቼ መቼ ነው የሚጮኸው?»

እስከዚያ ቀን ሰዎች የጠየቁኝ የት እንደሚጮኽ ነበር። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡና ደብተሩን መለሱልኝ።

«ሞተሩን አጥፊው። ቁልፉን ግን አትንቀይው፣ መሪው ይቆለፋል። በይ አሁን አዙሪው።»

ሞተር የማያግዘው መሪ ድንጋይ ነው። በሁለት እጄ ተንጠላጠልኩበት። «ድንግ!»

«ፖምፓው ወጣ፤ ቺንጋውም ወጣ» አሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ሞተሩ ሲዞር ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ተኝቷል። ልገዛው የነበረው ፖምፓ በአንድ ደቂቃ ከጥርጣሬ ነጻ ሆነ።

«ጋሼ፣ አክስሉስ?»

«መኪናሽ ቆማለች እኮ። አክስል ቢሆን ስትጠመዘዢ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ፍጥነትሽን ይከተል ነበር።»

ረዳታቸውን መሪው ላይ አስቀመጡና እኔን ወደ ቀኝ ጎማው ጠሩኝ። «ጣትሽን ክፍተቱ ውስጥ እንዳታስገቢ፤ መዳፍሽን ብቻ ሞላው ላይ አሳርፊ።» ሞላው ቀዝቃዛ ነበር፤ የደረቀ ጭቃ ተለጥፎበታል። ረዳቱ ማዞር ጀመረ። ብረቱ እንደሚጨመቅ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመዘዝ፣ ሲከር፣ ሲከር ተሰማኝ። ከዚያ ዘሎ መዳፌን መታኝ፤ በዚያው ቅጽበት «ድንግ» አለ። ሦስት ሳምንት ያሳደደኝን ድምፅ በእጄ ያዝኩት።

በብዙ ትንንሽ መኪኖች የፊት ጎማን የሚሸከመው ሞላና ሾክ አብዞርበር እንደ አንድ ምሰሶ አብረው የቆሙበት እግር ነው። አሠራሩ የሚጠራው በአሜሪካዊው መሐንዲስ በኧርል ማክፈርሰን ስም ነው፤ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ለንደን ላይ ለእይታ ያቀረባቸው ኮንሰልና ዜፊር የቆሙት በዚህ እግር ነበር። መሪ ሲዞር ምሰሶው ከነሞላው ይዞራል፤ የመኪናው አካል ግን አይዞርም። ስለዚህ ሁለቱ ከላይ በሚገናኙበት ቦታ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ኩሽኔታ አለች። እሷ ስትደርቅ የሞላው ታች ይዞራል፣ ላዩ ተይዞ ይቀራል። ሞላው እስኪችል ይከርና በኃይል ይፈተለካል። ድምፁን ብረቱ ይዞት ስለሚሄድ እኔ ከእግሬ ሥር ሰማሁት።

ደብተሬ ላይ የመጨረሻዋን መስመር ጋሼ በጣታቸው አሳዩኝ። «ይቺን ሳነብ ነው የጠረጠርኩት። መሪሽን አልመለስ ያለው የተያዘው ኩሽኔታ ነው።»

እግሩ ሲፈታ ቆሜ አየሁ። ጋሼ ሞላውን ግራና ቀኝ በመጭመቂያ አስረው ልል መሆኑን በእጃቸው እስኪያረጋግጡ ድረስ የመሀሉን ዳዶ አልነኩም፤ ረዳቱንም ከፊቱ ዞር አደረጉት። ሞላው የመኪናን ክብደት የሚሸከም ነው፤ ሳይታሰር ከተፈታ ሰው ይገድላል። መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይነካው እመርጣለሁ።

ኩሽኔታዋ ወጣች። የጎሚኒ መሸፈኛዋ ተሰንጥቆ ውሃና አቧራ ገብቶባታል፤ ግሪሱ ጠቁሮ ደርቋል፣ ዙሪያዋን ቀይ ዝገት በልቷታል። በጣቴ ሳዞራት ትያዛለች፣ ትለቃለች። አዲሷን አዞርኩ፤ ምንም ድምፅ የላትም። የግራውንም አብረን ቀየርን፤ ገና አልጮኸም እንጂ እሱም ደርቆ ነበር። የጎማ አላይመንት ተሠራ።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስመለስ ሬዲዮውን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነዳሁ። የመጀመሪያውን አደባባይ ዞሬ ስወጣ አያያዜን ላላ አደረግኩት። መሪው በመዳፎቼ መሀል ተንሸራቶ በራሱ ወደ ቀጥታ ተመለሰ።